መክሊቱን ከጉድጓዱ ማውጣት፦ ከመንፈሳዊ ሀኬት የመንቂያ ዝርዝር መመሪያ

የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር (በጎ አገልጋይ) ይባላል። በዕለቱ የሚነበበው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለው የባለመክሊቶቹ ምሳሌ ነው። አምስትና ሁለት መክሊት ተቀብለው ያተረፉት «ገብር ኄር» ተብለው ተመሰገኑ፤ አንድ የተቀበለው «ገብር እኩይ ወሀካይ»፣ ክፉና ሀኬተኛ (ሰነፍ) አገልጋይ ተባለ። ይህ ሰው ሌባ አልነበረም። አልጠጣበትም፣ አልቆመረበትም። መሬት ቆፍሮ ቀበረው፤ ጌታው ሲመጣም ሳይሸራረፍ መለሰለት። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ሲሆን ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር (ማቴ 20፥2)። እንግዲህ «አንድ ብቻ» የተባለው የ20 ዓመት ገደማ የሥራ ዋጋ ነው። የተፈረደበትም ባጠፋው ሳይሆን ባልሠራበት ነው።

ማተብ አስረን፣ ረቡዕና ዓርብ ሳንሽር፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናልፍ አማትበንና ተሳልመን፣ ለዓመታት ግን እዚያው የቆምን ሰዎች የምንመስለው ይህን አገልጋይ ነው። መመሪያው የተጻፈው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውስጥ ላለ፣ ሥራና ቤተሰብ ላለው ምእመን ነው። 40 ቀን ይወስዳል። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ መዝሙረ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከተቻለ መቁጠሪያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ የንስሐ አባት ነው። በየትኛውም ወር መጀመር ይቻላል፤ «የዐቢይ ጾም ሲገባ» ብሎ ማዘግየት ራሱ የበሽታው ምልክት ነው።

ከመጀመር በፊት፦ ሀኬትን ከሌላው መለየት

ሀኬት የሥጋ ድካም አይደለም። 12 ሰዓት ሲሠራ ውሎ መዝሙር እየደገመ እንቅልፍ የጣለው ሰው ሀኬተኛ ሳይሆን ደክሞት ነው፤ መድኃኒቱ እንቅልፍ ነው። ሀኬት የሚባለው ለእግዚአብሔር ነገር ሲሆን የሚዝል፣ ለሌላው ሲሆን የሚነቃ ልብ ነው። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ ለጸሎት 10 ደቂቃ መቆም ያቃተው ሰው ያንኑ ሌሊት እስከ 7 ሰዓት ስልክ ላይ ከቆየ ጉልበት አላጣም።

ሀኬት ድብርትም አይደለም። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት የጠፋበት፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ የማይለው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። ጠበልና ጸሎት ከሕክምና ጋር አይጣሉም። እንዲህ ያለውን ሰው «ጸሎት ስላቆምክ ነው» ብሎ መውቀስ ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

በራእይ ምዕራፍ 3 «ለብ ያለች» የተባለችው ሎዶቅያ ፍርስራሿ ዛሬ በቱርክ ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ60 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት የሮም መንግሥትን ርዳታ ሳትጠብቅ በራሷ ሀብት የተነሣች ባለጠጋ ከተማ ነበረች። «ባለ ጠጋ ሆኜአለሁ አንድም ስንኳ አያስፈልገኝም» የሚለው ቃል የተነገረው ለእንዲህ ያለች ከተማ ምእመናን ነው። በአቅራቢያዋ ያለችው ከተማ ኢያራ (ሂራፖሊስ) ፍል ውኃ ነበራት፤ ሎዶቅያ ግን ውኃዋን ከሩቅ በድንጋይ ቧንቧ ታስመጣ ነበር። ፍል ውኃ ሕመምተኛ ይታጠብበታል፤ ቀዝቃዛው ጥም ይቆርጣል፤ ለብ ያለው ለሁለቱም አይሆንም። ሀኬትን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ ምንም ስለማያሳምም ሰው መድኃኒት አይፈልግለትም።

አንደኛ ደረጃ፦ ምንም ሳይቀይሩ ሰባት ቀን መመዝገብ (ቀን 1–7)

በዚህ ሳምንት አዲስ ጸሎትም አዲስ ጾምም አትጀምሩ። በየማታው 5 ደቂቃ ወስዳችሁ በደብተሩ አራት ነገር ብቻ ጻፉ።

ጸሎት፦ ስንት ደቂቃ ጸለያችሁ? ከተናገራችሁት ውስጥ በልብ የነበራችሁበትስ የቱ ነው?

ስልክ፦ ጠቅላላውን ሰዓት በግምት አትጻፉ። አብዛኞቹ ስልኮች በማስተካከያው ውስጥ የየዕለቱን አጠቃቀም በየመተግበሪያው ለይተው ያሳያሉ፤ ቁጥሩን ከዚያ ቅዱ።

ገንዘብ፦ ከቴሌብርና ከባንክ የሚመጡት አጭር መልእክቶች ሳይዋሹ ይናገራሉ። ለመጠጥ፣ ለመዝናኛ፣ ለልብስ፣ ለኢንተርኔት ጥቅል፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለድኃ የወጣውን ለየብቻ ደምሩ።

አንደበት፦ ዛሬ ስለማን ክፉ ተናገርሁ? ማንን ዋሸሁ?

ብዙ ሰው እዚህ የሚሳሳተው በሁለተኛው ቀን ራሱን ማረም ሲጀምር ነው። ደብተሩ እንዲያምር ብሎ ይጸልያል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ የሚያየው የራሱን ኑሮ ሳይሆን የሳምንቱን ትዕይንት ይሆናል። እውነተኛውን አስቀያሚ ሳምንት መዝግቡ፤ ለቀጣዩ ደረጃ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

በሰባተኛው ቀን ማታ ደግሞ እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሱ። ባለፉት 12 ወራት ስንት ጊዜ ቆረብሁ? ለመጨረሻ ጊዜ ንስሐ የገባሁበት ኃጢአት ስሙ ምንድን ነው? ክርስቲያን በመሆኔ ብቻ ያጣሁት ጥቅም፣ ያለፈኝ ገንዘብ፣ የተቀየመኝ ሰው አለ? ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የከበደው ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ ከዓለም የሚለየን ልብሳችንና የበዓላት ቀናችን ብቻ ሆኗል ማለት ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ንስሐ (ቀን 8–12)

ብዙ ቤት የንስሐ አባት አለው፤ የሚታወቁት ግን በዓመት አንዴ ሁለቴ ጠበል ሲረጩ ወይም በዓል ሲውል ነው። እንዲህ ከሆነ ሰው መቀየር ሳያስፈልግ ለእኚሁ አባት ስልክ ደውሎ «አባ፣ መናዘዝ እፈልጋለሁ፤ አንድ ሰዓት የሚሆን ጊዜ ይስጡኝ» ማለት ይበቃል። ቅዳሴ እንዳለቀ ሰው እየተጋፋ፣ በእርምጃ ላይ የሚደረግ ኑዛዜ ለሀኬተኛ አይጠቅምም።

የንስሐ አባት የሌለው ሰው ሦስት ነገር አይቶ ይምረጥ፦ ሥልጣነ ክህነት ያላቸውና በአንድ ደብር የሚታወቁ መሆናቸውን፣ በሰው ፊት የሰውን ምሥጢር የማያወሩ መሆናቸውን፣ ተግሣጽም መስጠት የሚችሉ መሆናቸውን። ምንም ብትነግሯቸው «አይዞህ ልጄ» ብቻ የሚሉ አባት ደግ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሀኬትን ግን አይነቅሉም። ክህነቱ የማይታወቅ ባሕታዊ ነኝ ባይ፣ ዕጣ ፈንታ የሚናገር፣ ለኑዛዜ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ዘንድ አትሂዱ።

ለኑዛዜ ዝግጅት አንድ ማታ በቂ ነው። ከሰባቱ ቀን ደብተር ተነሥታችሁ በአንድ ወረቀት ላይ በሦስት ክፍል ጻፉ፦ በእግዚአብሔር ላይ፣ በሰው ላይ፣ በራሴ አካልና ሕይወት ላይ። ለእያንዳንዱ ስሙን፣ ስንት ጊዜ እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አስቀምጡ። «ኃጢአተኛ ነኝ አባ፣ ምን የማልሠራው አለ» የሚባለው ኑዛዜ ትሕትና ይመስላል፤ ምንም ግን አልተናገረም። «ከሁለት ዓመት ጀምሮ በየሳምንቱ በኳስ ውርርድ እቆምራለሁ፤ ለባለቤቴ አልነገርኋትም» የሚለው ነው ንስሐ።

ሲናዘዙ የሚበላሹ ነገሮች አሉ። አንደኛው የሌላውን ሰው ኃጢአት መናዘዝ ነው፤ «እሱ እንዲህ ስላደረገኝ እኔም» እየተባለ ሰዓቱ ያልቃል። ሌላው ትልቁን ደብቆ ትናንሹን መዘርዘር ነው፤ የሚያሳፍረውን መጀመሪያ ተናገሩት፣ ሌላው ይቀላል። የሰው ገንዘብ የወሰደ ሰው ደግሞ ማዘኑ ብቻ አይበቃውም። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል (ሉቃ 19፥8)፤ እናንተም የምትመልሱትን መጠንና ቀን ይዛችሁ ግቡ።

ቀኖና ሲሰጣችሁ፣ ጾም ይሁን ስግደት ይሁን ምጽዋት፣ ወዲያው በደብተሩ ጻፉና የምትጨርሱበትን ቀን አስቀምጡ። የሥራችሁን ሰዓት ግለጹ፤ የማትችሉት ከሆነ እዚያው ተናገሩ። አባት የሚያስተካክሉት የነገራችኋቸውን ብቻ ነው። ወረቀቱን ከኑዛዜ በኋላ አቃጥሉት።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ወደ ቅዱስ ቁርባን መመለስ

በቤተ ክርስቲያናችን ሀኬት ሥር የሰደደው ከሁሉም በላይ እዚህ ነው። ሕፃን ሆነን በእናታችን ክንድ እንቆርባለን፤ ከዚያ ከወጣትነት እስከ ሽምግልና ባለው ሰፊ ዘመን እንጠፋለን። «ገና ነኝ»፣ «ስሸመግል»፣ «አልበቃሁም» ይባላል። አልበቃሁም ማለት እውነት ነው፤ የበቃ ሰው የለም። ቅዱስ ጳውሎስ ግን «ሰው ራሱን ይፈትን» ካለ በኋላ «ከማዕዱ ይቅር» አላለም፤ «እንዲሁም ከኅብስቱ ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ነው ያለው (1ኛ ቆሮ 11፥28)። ፈተናው የሚያደርሰው ወደ ማዕዱ ነው።

የሚከለክለውን ነገር ለይታችሁ እወቁ፤ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው ያልተናዘዙት ኃጢአት ሲሆን ከላይ አይተነዋል። ሁለተኛው ጋብቻ ነው። በሰማንያ ወይም በማዘጋጃ ቤት ተጋብተው ልጅ ወልደው የሚኖሩ ባልና ሚስት «አሁን እንዴት ይሆናል» ብለው ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ። ይሆናል፤ ሁለቱ አብረው ንስሐ ገብተው፣ ቀኖናቸውን ፈጽመው፣ በቅዱስ ቁርባን ጋብቻቸውን ያጸናሉ። ድግስም አዳራሽም አያስፈልገውም። አንዱ ፈቃደኛ ካልሆነ የፈለገው ብቻውን ሄዶ ምክር ይጠይቅ እንጂ ሌላውን አይጎትት። ሦስተኛው ጠብ ነው። መባን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅ የጌታ ትእዛዝ ነው (ማቴ 5፥24)። የማይገኝ ወይም እምቢ የሚል ሰው ቢሆን አስታራቂ ሽማግሌ ልካችሁ የበኩላችሁን ፈጽሙ፤ ውጤቱን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ይጾማል። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እህልም ውኃም አይቀምስም ማለት ነው። ባለትዳሮች ከመቁረባቸው በፊትና በኋላ የሚጠብቁትን ቀን ከንስሐ አባታቸው ይጠይቁ። ቅዳሴው ሲጀመር መገኘት ግዴታ ነው፤ ወንጌል ከተነበበ በኋላ ደርሶ ለመቁረብ መሰለፍ አይገባም። ከቆረቡ በኋላ ጠበል ይጠጣል፤ በዚያ ቀን አይሰገድም።

ሐሳብ እየባዘነ ለሚያስቸግራችሁ ሰዎች ቅዳሴው ራሱ ማንቂያ አለው። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለቱ ነው፤ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፣ «ንነጽር» እናስተውል ማለት ነው። እነዚህን ሦስት ጥሪዎች ትርጉማቸውን ይዛችሁ ጠብቋቸው። ሐሳባችሁ ገበያ ሄዶም ቢሆን ዲያቆኑ በጠራ ቁጥር መልሱት። በአንድ ቅዳሴ ሦስት ጊዜ መመለስ የቻለ ሰው ከወር በኋላ ልዩነቱን ያየዋል።

አራተኛ ደረጃ፦ የጸሎት ሥርዓት (ቀን 11–40)

ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» በሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ላይ የተመሠረቱ ናቸው (መዝ 118፥164)፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። በሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ የወረደበትን፣ በስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበትን፣ በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን የሰጠበትን እናስባለን። ሰባቱንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። ሀኬተኛ ሰው ትልቅ ሥርዓት ሲይዝ አምስት ቀን ይሮጥና በስድስተኛው ይወድቃል፤ ከዚያ «እኔ አልሆንም» ብሎ ከበፊቱ ያነሰ ይሆናል። የምታስቀሩትን ሳይሆን የማትተዉትን መጠን ያዙ።

ከ11ኛው እስከ 17ኛው ቀን፦ ጠዋት የዘወትር ጸሎትና አንድ መዝሙር፤ ማታ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከዚያም ውሎን መመርመር።

ከ18ኛው እስከ 24ኛው ቀን፦ ጠዋት የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይጨመር። ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ሥራ ቦታ ላይ ሁለት ደቂቃ አቡነ ዘበሰማያትና 12 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። ድምፅ ማሰማት አያስፈልግም፤ መቀመጫ ላይም ይሆናል።

ከ25ኛው እስከ 40ኛው ቀን፦ መዝሙሩ ወደ አንድ ንጉሥ ይደግ። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ የተከፈለ ስለሆነ፣ በቀን አንድ ንጉሥ ማለትም 10 መዝሙር የሚደግም ሰው በ15 ቀን ይፈጽመዋል። አባቶች ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ባለው ሳምንት ይጨርሱታል፦ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ንጉሥ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሁለት ሁለት፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ወደዚያ ለመድረስ አትቸኩሉ።

የሚቆሙበትን ቦታ ቋሚ አድርጉት፤ ፊት ወደ ምሥራቅ፣ ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ጥግ ቢሆን መልካም ነው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። የጸሎት መጽሐፍን ከስልክ ላይ ማንበብ ለመንገድ ይሁን እንጂ ለቤት አይመከርም፤ በሦስተኛው መዝሙር ላይ መልእክት ይገባል፣ አራተኛው አይነበብም። ግእዙን የማያውቅ በአማርኛው ይጸልይ፤ ሳይገባው በፍጥነት የሚያነበንብ ሰው ምላሱን እንጂ ልቡን አያነቃም።

ስግደት ለሀኬት ትልቅ መድኃኒት ነው፤ የዛለ ልብ አካልን ተከትሎ ይነሣልና። ከጠዋት ጸሎት በኋላ በ12 ስግደት ጀምሩና በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ፤ ከ41 በላይ ያለ አባት ምክር አትሂዱ። በቅዳሜና በእሑድ፣ በጌታ ታላላቅ በዓላትና በበዓለ ሃምሳ አይሰገድም። የወገብና የጉልበት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ አንገታቸውን ዝቅ በማድረግ ይፈጽሙ።

ከጸሎቱ ጋር በቀን አንድ የወንጌል ምዕራፍ አንብቡ። ማቴዎስ 28፣ ማርቆስ 16፣ ሉቃስ 24፣ ዮሐንስ 21 ምዕራፍ ነው፤ አራቱም በ89 ቀን ያልቃሉ። ከየምዕራፉ አንድ ቁጥር በደብተሩ ቅዱና በዕለቱ የምትፈጽሙትን አንድ ነገር ከሥሩ ጻፉ።

መታከት ሲመጣ፣ ጸሎቱ ሁሉ እንጨት እንጨት ሲል፣ የአባ እንጦንስ መንገድ ይረዳል። በበረሃ ሳለ ታካችነት ቢጸናበት እንዴት ልዳን ብሎ ለመነ፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ቁጭ ብሎ ሲታታ አየ፤ መልአክ ነበር፤ «እንዲህ አድርግ ትድናለህ» አለው። ስለዚህ ሲታክታችሁ ጸሎቱን አትተዉት፣ ከፋፍሉት፦ አምስት መዝሙር፣ ከዚያ ዕቃ ማጠብ ወይም ቤት መጥረግ፣ ከዚያ አምስት መዝሙር። የመታከት መፍትሔ ሶፋና ስልክ ከሆነ ግን ተመልሶ መነሣት የለም።

አምስተኛ ደረጃ፦ ጾምን እንደገና ጾም ማድረግ

በየከተማው የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ አለ። ሥጋና ወተት የለባቸውም፤ ሕጉ አልተሻረም። ነገር ግን በጾም ቀን ከፍስክ ቀን አብልጦ የሚያወጣና አብልጦ የሚጠግብ ሰው የለወጠው ምግቡን ብቻ ነው። ሦስት ነገር አስተካክሉ።

ሰዓቱን፦ ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት መጾም ሥርዓቱ ነው። እስካሁን 6 ሰዓት ላይ የምትፈቱ ከሆነ በየሳምንቱ 30 ደቂቃ ግፉ፤ በስድስት ሳምንት 9 ሰዓት ትደርሳላችሁ። የስኳር ሕመምተኛ፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ሳይመክሩ ሰዓት አይግፉ።

መጠኑን፦ አንድ ዓይነት ወጥ፣ አንድ ጊዜ፣ ሳይጨመር። ሽሮ ወይም ምስር ይበቃል።

ትርፉን፦ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ጾምን ለተራበ እንጀራ ከመቁረስ ጋር አስሮታል። በፍስክ ሳምንት ለሥጋ፣ ለቅቤና ለወተት 1,500 ብር የሚያወጣ ቤት በጾም ሳምንት ለጾም ምግብ 600 ብር ካወጣ 900 ብር ተረፈ። ይህ ገንዘብ የቤቱ አይደለም፤ በፖስታ ለብቻው ተቀምጦ ሳምንቱ ሳያልቅ ለተቸገረ ሰው ይድረስ። ከአሥራት ጋር አትደባልቁት፤ 20,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው አሥራቱ 2,000 ብር ነው፣ የጾሙ ትርፍ ከዚያ ውጭ ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ከዓለም መለየት በተግባር

ጌታ «ከክፉ እንድትጠብቃቸው እንጂ ከዓለም እንድታወጣቸው አልለምንም» ብሏል (ዮሐ 17፥15)። ለቅሶ መድረስ፣ ዕድር መክፈል፣ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ፣ የዘመድ ሰርግ ላይ መገኘት «ዓለም» አይደለም። እነዚህን ትቶ ራሱን የለየ ሰው ፍቅርን ነው የተወው። መለየት የሚገባን ሐዋርያው በሦስት ከከፈለው ነው፦ የሥጋ ምኞት፣ የዓይን አምሮት፣ ስለ ገንዘብ መመካት (1ኛ ዮሐ 2፥16)።

የዓይን አምሮት በዘመናችን መግቢያው ስልክ ነው። የአሥር ብር ፍላጎት ያልነበረው ሰው በአንድ ማታ የሌላውን መኪና፣ ቤት፣ ልብስና ገላ ሲያይ ያድራል። ተራ የማንቂያ ሰዓት ግዙ፣ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ይውጣ። ከጠዋቱ ጸሎት በፊት አይከፈት፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋ። በመጀመሪያው ሳምንት ደብተር ላይ ከሁሉ የበለጠ ሰዓት የወሰደውን አንድ መተግበሪያ ለ40 ቀን አጥፉት፤ «እቀንሳለሁ» የሚባለው አይሠራም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቀኑን ሙሉ ስብከትና መዝሙር ሲሰማ ውሎ አቡነ ዘበሰማያት ሳይደግም የሚተኛ ሰው አለ። ስለ ጸሎት መስማት እንደ መጸለይ ሆኖ ስለሚሰማው ይህ ከዘፈን ይልቅ ሀኬትን ይሰውራል። በሰማችሁት ደቂቃ ልክ እስክትጸልዩ ድረስ ሌላ አትክፈቱ።

ሌላው የዓለም በር ጥላቻ ነው። ጭፈራ ቤት የማይረግጥ፣ ጾም የማይሽር ክርስቲያን በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሰውን ዘር ጠርቶ ሲሳደብ፣ የወገን ሞት ሲያስደስተው ይታያል። ይህን ከመንፈሳዊ ቅናት የሚቆጥሩት አሉ። ዓለም ከዚህ በላይ ወደ ልብ የሚገባበት መንገድ የለም። የምትከተሏቸውን ገጾች ዝርዝር አንድ በአንድ እዩ፤ ካነበባችሁት በኋላ አንድን ሕዝብ በጅምላ እንድትጠሉ የሚያደርጋችሁን ሁሉ አስወጡ። የጻፋችሁትን ደግሞ አጥፉ፤ ለኑዛዜም ያዙት።

በሥራ ቦታ ፈተናው ግልጽ ነው፦ የጎደለ ሚዛን፣ ያልተቆረጠ ደረሰኝ፣ «የሻይ» የሚባል ጉቦ። ቀድሞ ያልተዘጋጀ ሰው ጉዳዩ ሲመጣ ይረታል። ስለዚህ የምትሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ «ይቅርታ፣ እኔ አልቀበልም፤ ጉዳይዎን ግን በተራው እፈጽማለሁ» በቂ ነው። መስበክም መቆጣትም አያስፈልግም። ጥቅም ይቀራል፤ በአንደኛው ደረጃ ለተጠየቀው የመጨረሻ ጥያቄ መልስ የሚገኘው እዚህ ነው።

የጽዋ ማኅበራችሁንም ተመልከቱ። በጸሎት ተጀምሮ፣ ነዳያን በልተውበት፣ በጸሎት የሚያልቅ ከሆነ ቅዱስ ነገር ነው። ጠላና ሐሜት ብቻ ከሆነ ግን ለሰብሳቢው ንገሩና ካህን እንዲገኝ፣ ከየወሩ መዋጮ ለድኃ የሚለይ ድርሻ እንዲኖር ሐሳብ አቅርቡ።

ከአገር ውጭ ላሉ

በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያን መድረስ አይችሉም፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ከቶ የለም። ይህ ሀኬት አይደለም፣ ስደት ነው። ማታ ሲተኙ ከአልጋ ላይ ሆነው በልብ አቡነ ዘበሰማያት፣ በቃል የሚያውቁት አንድ መዝሙር፣ ቀን በሥራ መካከል ኪርያላይሶን፤ ለዚያ ቦታ ሙሉ ሥርዓት ነው። ጾሙን በተቻለ መጠን ይጠብቁ፤ የንስሐ አባታቸውን ለምክር በስልክ ያግኙ፤ ኑዛዜውን ካህን በአካል እስኪያገኙ ጽፈው ሳይሆን በልብ ይያዙት፤ ወረቀት በሰው ቤት አይታመንም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እሑድ ግን የሥራ ፈረቃ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስላለው እሑድን መርጦ የሚሠራ ሰው ያንን በኑዛዜው ያንሣው። መቀየር የማይችል በወር ሁለት እሑድ እንዲለቀቅ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በቀረው በሳምንቱ መካከል ቅዳሴ ያለበትን ደብር ይፈልግ።

ሲወድቁ

በ40 ቀን ውስጥ የማይጎድል ቀን አይኖርም። የጎደለውን ጸሎት በማግሥቱ እጥፍ አድርጋችሁ አትክፈሉ፤ ዕዳ ሲከመር ሁለተኛው ቀንም ይጠፋል። «እግዚኦ ተሣሃለኒ» ብላችሁ ከዕለቱ ጀምሩ። ሁለት ቀን በተከታታይ ከጎደለ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ። ሦስት ቀን ከጎደለ ለንስሐ አባት ይደወል፤ አራተኛውን ቀን አትጠብቁ።

ጸሎቱ መጽናት ሲጀምር ደግሞ ሌላ በሽታ ይመጣል፤ የማይጸልየው የትዳር ጓደኛ፣ ጾም የሚሽረው ወንድም ዓይን ውስጥ ይገባል። በልባችሁ ሰው መመዘን ስትጀምሩ የዚያን ቀን ምጽዋት ጨምሩና ለዚያ ሰው በስሙ ጸልዩ። ሥርዓታችሁን ለማንም አትንገሩ፤ የሚያውቁት የንስሐ አባትና የቤት ሰው ይሁኑ።

በ40ኛው ቀን ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባት ተመለሱ። የመጀመሪያውን ሳምንትና የመጨረሻውን ሳምንት ጎን ለጎን አሳዩ፤ የቱ እንዲቀጥል፣ የቱ እንዲጨመር፣ የሚቀጥለው ቁርባን መቼ እንደሚሆን በቀን ተነጋገሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የሚመለስበት ወቅት በዓለ ሃምሳ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ አይሰገድም፤ ቤተ ክርስቲያን የደስታ ወራት አድርጋዋለች። የጠዋቱ ጸሎት፣ መዝሙሩና የወንጌሉ ምዕራፍ ግን አብረው አይቀሩም። የስግደቱን ጊዜ ለተጨማሪ መዝሙር አውሉት፤ በጾም የለመዳችሁትን የድኃ ድርሻ ከፋሲካው ማዕድ ላይ አውጡ። ጰራቅሊጦስ በዋለ ማግሥት ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፤ የምትጾሙበትን ሰዓት ካቆማችሁበት 9 ሰዓት ላይ ቀጥሉ።